ሶኬቱ ባዶ ነው፤ ዳታው ግን ደርሷል

አንድ ሰሞን የሰርቨር ኮድ እየጻፍኩ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመኝ። ደንበኛው መልእክት ይልካል፤ ሰርቨሩ ዝም። ሁለተኛ መልእክት ሲልክ የመጀመሪያው መልስ ከች ይላል። ሦስተኛውን ሲልክ የሁለተኛው መልስ። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደኋላ። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ሜሞሪው ሰላም ነው፤ ሎጉ ላይ አንዲት ኤረር የለችም። ምስጠራውን አጥፍቼ በተራ ግንኙነት ስሞክረው ደግሞ ሁሉም ነገር እንከን የለውም።

እኔም አህያውን ፈርቼ ዳውላውን መምታት ጀመርኩ። መጀመሪያ ኔትወርኩን ወቀስኩ። ቀጥዬ ፋየርዎሉን። ከዚያ የደንበኛውን ኮድ። ሁለት ቀን ካባከንኩ በኋላ ጥፋቱ የተገኘው ከአሥር መስመር በማትበልጥ የራሴ የንባብ ሉፕ ውስጥ ነው። ሉፗ «ዳታ አለ?» ብላ የምትጠይቀው ከርነሉን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ነበር። ዳታው ደግሞ ከርነሉ ጋ አልነበረም።

የት እንደነበር ለማየት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ተራው ንባብ

ሰርቨር ከሶኬት፣ ማለትም ከኔትወርኩ ጋር ከሚገናኝበት በር፣ ሲያነብ ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይችላል። በአንደኛው፣ ዳታ ከሌለ ትሬዱ፣ ማለትም የፕሮግራሙ አንድ የሥራ መስመር፣ እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል። ብሎክ አደረገ የምንለው ይህንን ነው። አንድ ደንበኛ ብቻ ካለ ችግር የለውም። አንድ ትሬድ ብዙ ግንኙነት የሚያስተናግድ ከሆነ ግን አንድ ዝምተኛ ደንበኛ የቀሩትን ሁሉ ያግታል። በሁለተኛው ጠባይ ሶኬቱን ነን-ብሎኪንግ እናደርገዋለን። ያኔ ዳታ ከሌለ ከርነሉ «ኢ-አጌን» የሚል ኮድ ሰጥቶ ወዲያው ያሰናብተናል። አሁን የለም፣ በኋላ ተመለስ እንደማለት ነው።

በኋላ መቼ ነው? በየሰከንዱ እየሄዱ መጠየቅ አያዋጣም። በ1999 ዳን ኬጌል የተባለ ፕሮግራመር አንድ ሰርቨር 10,000 ደንበኞችን በአንድ ጊዜ እንዴት ይቻላቸዋል የሚለውን ጥያቄ «ሲ-10-ኬ» ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከዛሬ ይነሳል። በ2000 ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኬኪውን አመጣ፤ በ2002 ደግሞ ኢፖል ወደ ሊኑክስ ከርነል ገባ። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው። «እነዚህን ሶኬቶች ጠብቅልኝ፤ የሚነበብ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» ትሉታላችሁ፤ ይቀሰቅሳችኋል።

ኢፖልን በተለመደው አሠራሩ ስትጠቀሙት ሌላም ደግነት አለው። ሶኬቱ ላይ ካለው ግማሹን ብቻ አንብባችሁ ብትመለሱ አይቀየምም። «ገና የቀረ አለ» ብሎ መልሶ ይቀሰቅሳችኋል። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ቅስቀሳ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ወደ ኢፖል የመመለስ ልማድ ያወጣል። በተራ ሶኬት ላይ ይህ ልማድ ፍጹም ልክ ነው። የእኔም ሉፕ እንደዚያ ነበረች።

መሃል የገባው ሠራተኛ

ቲኤልኤስን፣ ማለትም ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን ፕሮቶኮል፣ ስንጨምር በከርነሉና በእኛ ኮድ መሃል አንድ ሠራተኛ ይገባል። እሱም የምስጠራ ላይብረሪው ነው። ብዙ ጊዜ ኦፕን ኤስኤስኤል ነው፤ ካልሆነም በ2014 ከእሱ የተገነጠሉት ቦሪንግ ኤስኤስኤል ወይም ሊብሬ ኤስኤስኤል። ይህ ሠራተኛ የራሱ ባፈር፣ ማለትም ጊዜያዊ ማከማቻ፣ አለው። አንዳንዴም ከሌላኛው ወገን ጋር የራሱ ጉዳይ አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ከርነሉ ግን አያውቀውም። ለከርነሉ ላይብረሪው የእኛው ፕሮግራም አካል ነው። ላይብረሪው ባይቶቹን ከሶኬቱ ካነሳ፣ ከርነሉ «ፕሮግራሙ ወስዷል» ብሎ ይገላገላል።

ዳታው ደግሞ እንደ ቧንቧ ውሃ እየተንጠባጠበ አይደርሰንም። በታሸገ ፖስታ ነው የሚመጣው። ፖስታው ሬከርድ ይባላል። ፊቱ ላይ 5 ባይት አድራሻ አለው፦ አንዱ ዓይነቱን፣ ሁለቱ ቨርዥኑን፣ ሁለቱ ርዝመቱን የሚናገሩ። ውስጡ ቢበዛ 16,384 ባይት ግልጽ ጽሑፍ ይይዛል። መጨረሻው ላይ ማኅተም አለ። በተለመደው ኤኢኤስ-ጂሲኤም ምስጠራ ማኅተሙ 16 ባይት ነው።

ዋናው ነገር ማኅተሙ ነው። ማኅተሙ ሳይረጋገጥ ላይብረሪው ከፖስታው ውስጥ አንዲት ባይት አይሰጣችሁም። መንገድ ላይ የነካው ሰው ይኑር አይኑር የሚታወቀው በማኅተሙ ነውና፣ ማኅተሙ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ከ16,000 ባይት 15,999ኙ ደርሶ አንዷ ብትቀር፣ ያላችሁ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን አታዩም።

አሁን የእኔን ባግ በቁጥር እንየው። መልእክቶቼ ወደ 10,000 ባይት የሚጠጉ ነበሩ። 10,000 ባይት አንድ ሬከርድ ውስጥ ይገባል። በቲኤልኤስ 1.3 ላይ 5 ባይት አድራሻ፣ 10,000 ባይት ዳታ፣ የይዘቱን ዓይነት የምትናገር 1 ባይት፣ 16 ባይት ማኅተም። ሲደመር 10,022። በተለመደ ኔትወርክ አንድ ፓኬት የሚሸከመው ከ1,460 ባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ ሬከርዱ በሰባት ፓኬት ተከፋፍሎ ይመጣል።

የመጀመሪያው ፓኬት ሲደርስ ኢፖል ይቀሰቅሰናል። እኛም «ኤስኤስኤል ሪድ» የተባለውን የላይብረሪውን የንባብ ፋንክሽን እንጠራለን። ላይብረሪው 5ቱን ባይት አንብቦ «የቀረው 10,017 ነው» ብሎ ያሰላል። የመጣውን 1,455 ያነሳል። ተጨማሪ ሲጠይቅ ከርነሉ ኢ-አጌን ይለዋል። ላይብረሪውም ወደ እኛ ዞሮ «ዋንት ሪድ» ይላል። ማንበብ እፈልጋለሁ፣ ገና አልሞላልኝም ማለቱ ነው። ሁለተኛው ፓኬት፣ እንደገና ዋንት ሪድ። ሦስተኛው፣ እንዲሁ። እዚህ ላይ አዲስ ሰው ይደነግጣል፤ «ኢፖል አለ ብሎኝ የለም ትለኛለህ?» ይላል። ኢፖል አልዋሸም። ባይት አለ ነው ያለው፤ የሚሰጥ ዳታ አለ አላለም።

ሰባተኛው ፓኬት ሲደርስ ፖስታው ሞላ። ማኅተሙ ተረጋገጠ፣ ተከፈተ። የእኔ ባፈር 4,096 ባይት ነበር። ላይብረሪው 4,096 ሰጠኝና የቀረውን 5,904 ባይት፣ የተፈታውን፣ ለማንበብ የተዘጋጀውን፣ በራሱ ባፈር ውስጥ አስቀመጠልኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? እንደ ልማዴ አንድ ጊዜ አንብቤ ወደ ኢፖል ተመለስኩ። «የሚነበብ ሲመጣ ቀስቅሰኝ» አልኩት። ኢፖል ሶኬቱን አየ። ሶኬቱ ባዶ ነው፤ ላይብረሪው ሁሉንም አንስቶታላ። ስለዚህ ተኛን። ደንበኛው መልሴን ይጠብቃል፤ እኔ የመልእክቱን ቀሪ እጠብቃለሁ፤ ቀሪው ደግሞ እዚሁ ሜሞሪዬ ውስጥ፣ ከእጄ ሥር ተቀምጧል። ደንበኛው ሁለተኛ መልእክት ሲልክ አዲሱ ፓኬት ኢፖልን ያነቃዋል። እኔም አነባለሁ። ግን የማነበው የትናንቱን ቀሪ ነው። አንድ እርምጃ ወደኋላ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቴስት ስሠራ ለምን አልታየም ካላችሁ፣ የቴስት መልእክቶቼ አጫጭር ነበሩ። «ሰላም» እና «ፈተና 1»። ከ4,096 በታች የሆነ ሬከርድ በአንድ ንባብ አልቆ ይወጣል። ባጉ የሚወለደው መልእክቱ ከባፈሩ ሲበልጥ ነው።

እስኪያልቅ ማንበብ

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው። ኢፖል አንዴ ከቀሰቀሳችሁ፣ ላይብረሪው ራሱ «ዋንት ሪድ» እስኪል ድረስ ደጋግማችሁ አንብቡ። ወደ ኢፖል የምትመለሱት ሠራተኛው እጁ ባዶ መሆኑን ሲነግራችሁ ብቻ ነው። ባዶነትን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ከርነሉ አይደለም።

«ኤስኤስኤል ፔንዲንግ የሚባል ፋንክሽን አለ አይደል? ስንት ባይት እንደቀረ እሱን ብጠይቅስ?» የሚል አለ። አለ፤ ይሠራልም። ግን የሚቆጥረው የተከፈተውን ፖስታ ቀሪ ብቻ ነው። «ሪድ አሄድ» የሚባለውን ማስተካከያ አብርታችሁ ከሆነ ላይብረሪው ከሶኬቱ በርከት አድርጎ ያነሳል። ያኔ ገና ያልተከፈተ ሙሉ ፖስታ በእጁ ይዞ፣ ኤስኤስኤል ፔንዲንግ «ዜሮ» ሊላችሁ ይችላል። ይህን ለመሸፈን በኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.0 «ኤስኤስኤል ሃዝ ፔንዲንግ» ተጨመረ። እሱ ደግሞ በተቃራኒው ግማሽ ፖስታ ቢኖርም «አዎ አለ» ይላል። እሱን አምናችሁ ሉፕ ብትሠሩ ግማሹ እስኪሞላ ድረስ ሲፒዩ እያቃጠላችሁ ትሽከረከራላችሁ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ትቼ እስከ ዋንት ሪድ ማንበብን መርጫለሁ። ለመሳሳት ቦታ አይሰጥም።

ኢፖልን በኤጅ ትሪገርድ አሠራሩ፣ ማለትም አዲስ ነገር ሲመጣ ብቻ በሚቀሰቅስበት፣ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ባግ እምብዛም አያውቁትም። እነሱ አስቀድሞ እስኪያልቅ የማንበብ ግዴታ አለባቸውና። በተለመደው አሠራር የምንሄደው ነን የምንወድቅበት።

አንድ አቋራጭ ደግሞ አለ፤ ሰዎች ሲሞክሩት አይቻለሁ። ሶኬቱን ብሎኪንግ እንደሆነ ትተው፣ ኢፖል ሲቀሰቅሳቸው ብቻ ያነባሉ። «አለ ካለኝ በኋላ ምን ብሎክ ያደርገኛል?» ነው ነገሩ። ከላይ ያየነው የመጀመሪያ ፓኬት ያደርጋችኋል። 1,460 ባይት መጣ፤ ላይብረሪው 10,022 ይፈልጋል፤ ሶኬቱ ብሎኪንግ ስለሆነ ላይብረሪው የቀረው እስኪመጣ ትሬዱን ይዞ ይተኛል። ደንበኛው ቀርፋፋ ከሆነ ሰርቨሩ በሙሉ አብሮት ይንቀራፈፋል። ደንበኛው ተንኮለኛ ከሆነማ ግማሽ ፖስታ ልኮ ሰርቨራችሁን ኪሱ ያስገባዋል።

እስኪያልቅ ማንበብ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ፈጣን ደንበኛ ትልቅ ፋይል እየላከ ከሆነ ላያልቅ ይችላል። አንብበን ስንጨርስ ሌላ ደርሷል፤ ያንን ስንጨርስ ሌላ። የቀሩት ደንበኞች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ልክ አብጁለት፤ ለአንድ ግንኙነት በአንድ ዙር፣ ለምሳሌ 16 ንባብ። ልኩ ሲሞላ ይበቃል ብላችሁ ወደሚቀጥለው ደንበኛ እለፉ።

ይህቺ ቦታ አደገኛ ናት፤ ያንኑ ባግ በጓሮ በር የምታስገቡት እዚህ ነው። በ16ኛው ንባብ ስታቆሙ ላይብረሪው ጋ ቀሪ ሊኖር ይችላል፤ ኢፖል ደግሞ ስለ እሱ አይቀሰቅሳችሁም። ስለዚህ ዋንት ሪድ ሳይል ያቋረጣችሁትን ግንኙነት ራሳችሁ መዝግባችሁ መያዝ አለባችሁ። እኔ «ያላለቀላቸው» የምላት ትንሽ ዝርዝር አለችኝ። ዝርዝሯ ባዶ ካልሆነች ኢፖልን ዜሮ ሚሊሰከንድ ጠብቅ ብዬ እጠራዋለሁ። አዲስ ነገር ካለ ይነግረኛል፤ ከሌለም ሳይተኛ ይመለሳል። ከዚያ ያላለቀላቸውን ሌላ ዙር አነባለሁ። ዝርዝሯ ባዶ ስትሆን ብቻ ኢፖል እንደልቡ ይተኛል።

ለማንበብ መጻፍ

አሁን ላይብረሪው የራሱ ጉዳይ አለው ወዳልኩት እንምጣ። ኤስኤስኤል ሪድን ጠርታችሁ መልሱ «ዋንት ራይት» ሊሆን ይችላል። እኔ ላነብ ነው የመጣሁት፣ ምን መጻፍ አመጣው?

ላይብረሪው ከሌላኛው ወገን ጋር እናንተ የማታዩት ደብዳቤ ይጻጻፋል። ግልጹ ምሳሌ ትውውቁ ነው፣ ሃንድሼክ የሚባለው። ቁልፍ ሳይለዋወጡ ዳታ የለም፤ ለመለዋወጥ ደግሞ መጻፍም ማንበብም ያስፈልጋል። በቲኤልኤስ 1.2 ይህ ትውውቅ በመሃል እንደገና ሊጀመር ይችል ነበር። በ2018 የወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ያንን አስቀረው። ግን «ኪ አፕዴት» የሚባል መልእክት አለ፤ ቁልፍ ይታደስ ማለት ነው። ሌላኛው ወገን አንተም የራስህን አድስ ብሎ ከጠየቀ ላይብረሪው መልስ መጻፍ አለበት። እናንተ ንባብ ጠርታችሁ እሱ በመሃል ይጽፋል። የሶኬቱ የመላኪያ ባፈር ሞልቶ ከሆነ መጻፍ ያቅተዋል፤ ዋንት ራይትም ይላል።

ያኔ የሚደረገው ይህ ነው። ኢፖልን «ሶኬቱ መጻፍ ሲቻልበት ቀስቅሰኝ» ትሉታላችሁ። ሲቀሰቅሳችሁ ግን የምትጠሩት የመጻፊያውን ፋንክሽን አይደለም፤ ያንኑ የቆመውን ንባብ ነው። ተቃራኒውም አለ። ስትጽፉ ዋንት ሪድ ሊላችሁ ይችላል፤ ያኔ የሚነበብ ሲመጣ መጻፉን ትደግማላችሁ። ስለዚህ ኮዳችሁ ውስጥ «የሚነበብ መጣ፣ አንብብ፤ የሚጻፍበት ሆነ፣ ጻፍ» የሚል ቀጥተኛ ቧንቧ ካለ አፍርሱት። ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሁለት ነገር መዝግቡ፦ ንባቡ ምን እየጠበቀ ነው፣ ጽሕፈቱ ምን እየጠበቀ ነው። ኢፖል ሲቀሰቅሳችሁ መዝገቡን አይታችሁ የቆመውን ታስቀጥላላችሁ።

ጉዳዩ ሲያልቅም የመጻፉን ጥበቃ ማንሳት አትርሱ። ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ለመጻፍ ክፍት ነው። ጥበቃውን ካላነሳችሁት ኢፖል ያለማቋረጥ ይቀሰቅሳችኋል፤ አንድ ኮር 100 በመቶ ይነድዳል፣ የሚሠራ ሥራ ግን የለም።

በጽሕፈት በኩል አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። መጻፉ ተቋርጦ ስትደግሙት ያንኑ ባፈር፣ በዚያው የሜሞሪ አድራሻው፣ ርዝመቱን ሳትቀንሱ ስጡት። አድራሻው ከተቀየረ ኦፕን ኤስኤስኤል «ባድ ራይት ሪትራይ» ብሎ ይጥላችኋል። አድራሻው እንዲቀየር የሚፈቅድ ማስተካከያ አለ፤ ይዘቱ ግን ያው መሆን አለበት።

ኤረር ሳይመስሉ የሚመጡ፣ ኤረር መስለው የሚመጡ

ኤስኤስኤል ሪድ ከዜሮ በላይ ካልመለሰ ወዲያው «ኤስኤስኤል ጌት ኤረር» የተባለውን ትጠይቃላችሁ። ወዲያው ስል በዚያው ትሬድ ላይ፣ በመሃል ሌላ የላይብረሪ ጥሪ ሳይገባ ማለቴ ነው። ይህ ፋንክሽን የሚያየው መልሱን ብቻ አይደለም፤ የትሬዱን የኤረር ወረፋም ይመለከታል። ወረፋው ደግሞ የግንኙነቱ አይደለም፣ የትሬዱ ነው።

ይህን ባለማወቄ ሌላ ጊዜም ተቃጥያለሁ። አንዱ ደንበኛ የተበላሸ ነገር ላከ፤ ኤረሩ ወረፋው ላይ ቀረ፤ እኔ ግንኙነቱን ዘግቼ ሄድኩ። ቀጥሎ የነበረው ምስኪን ደንበኛ ምንም ሳያጠፋ ዋንት ሪድ መሆን የነበረበት መልሱ ከባድ ኤረር ተብሎ ተነበበ፤ ግንኙነቱም ተቆረጠ። አንዱ በበላ ሌላው ከፈለ። ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት «ኢአርአር ክሊር ኤረር» ብሎ ወረፋውን ማጽዳት ነው መድኃኒቱ። አንዲት መስመር ናት።

ግንኙነቱ ሲያልቅም ሁለት ዓይነት ስንብት አለ። ጨዋው ስንብት «ክሎዝ ኖቲፋይ» የሚባል የታሸገ መልእክት ነው። ልኬ ጨርሻለሁ ይላል፤ ማኅተም ስላለው ሌላ ሰው ሊጽፈው አይችልም። ላይብረሪው ይህን ሲያይ «ዜሮ ሪተርን» ይላችኋል። ሁለተኛው፣ ሶኬቱ ከምስጠራው ሥር ባለው ማጓጓዣ፣ በተራው የቲሲፒ መንገድ፣ ድንገት ሲዘጋ ነው። ያ መዝጊያ ማኅተም የለውም፤ መንገድ ላይ ያለ ማንም ሊያስመስለው ይችላል። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያይ ሰርቨር ግማሽ መልእክት ተቀብሎ ሙሉ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። የቆየው ኦፕን ኤስኤስኤል ድንገተኛውን መዘጋት በደብዛዛ የሲስተም ኤረር ነበር የሚነግረን። ከ3.0 ጀምሮ ግን ሳይታሰብ አለቀ የሚል ግልጽ የፕሮቶኮል ኤረር ሆኗል። ሲያሻሽሉ ሎጋቸው በአዲስ ኤረር ተጥለቅልቆ የደነገጡ ብዙ ናቸው። መዘጋቱ አዲስ አይደለም፤ ስሙ ነው የተቀየረው። በነገራችን ላይ ብዙ ደንበኞች ጨዋውን ስንብት ሳይሉ ነው የሚሄዱት። የመልእክቱ ርዝመት ከፊት ለፊቱ የሚነገርበት ፕሮቶኮል ከሆነ፣ ርዝመቱ መሙላቱን አይታችሁ ልትታገሷቸው ትችላላችሁ።

ስለ ቀርፋፋው ደንበኛ

ነን-ብሎኪንግ ስለሆንን ቀርፋፋ ደንበኛ አያግተንም፤ ሜሞሪያችንን ግን ይዞ ይቆያል። የኦፕን ኤስኤስኤል ማኑዋል እንደሚለው ሥራ የፈታ ግንኙነት ባፈሩን እንዲለቅ «ሪሊዝ ባፈርስ» የሚባለውን ማስተካከያ ማብራት ለእያንዳንዱ ወደ 34 ኪሎባይት ያድናል። 10,000 ዝምተኛ ግንኙነት ካላችሁ 340 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ አበራዋለሁ።

ጊዜ ቆጣሪም ያስፈልጋል፤ ግን የሚቆጥረውን ምረጡ። «ባይት በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ይታደስ» ካላችሁ፣ በየ20 ሰከንዱ አንዲት ባይት የሚያንጠባጥብ ሰው ለዘላለም ይኖርባችኋል። እያንዳንዷ ባይት ኢፖልን ታነቃለች፤ ላይብረሪው ግን ዋንት ሪድ ከማለት አልፎ ምንም አይሰጣችሁም። የሚያድሰው ነገር ኢፖል መቀስቀሱ ሳይሆን የሥራው መራመድ ይሁን። ለትውውቁ አንድ የጊዜ ገደብ፣ ለሙሉ ጥያቄው ሌላ።

ሌሎቹ ቤቶች

ይህ ሁሉ የሲ ፕሮግራመሮች ጣጣ ይመስላል፤ አይደለም። ፓይተን ላይ ዋንት ሪድና ዋንት ራይት ኤክሴፕሽን ሆነው ይወረወራሉ፤ የተፈታው ቀሪ ግን እዚያም ላይብረሪው ጋ ነው የሚቀመጠው። ጎ ላይ ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ጎሩቲን፣ ማለትም ቀለል ያለ ትሬድ፣ ተመድቦ፣ ኮዱ ብሎኪንግ መስሎ ይጻፋል፤ ከሥር ያለው ራንታይም ጥበቃውን ይሠራላችኋል። ምቾቱ አይካድም። እዚያም ግን ጽሕፈት ላይ የጊዜ ገደብ ካለፈ ግንኙነቱ ለመጻፍ አይሆንም፤ ዝጉት።

እኔን በጣም የሚመቸኝ ግን ላይብረሪው ሶኬቱን ጭራሽ እንዳይነካ ማድረግ ነው። ጃቫ «ኤስኤስኤል ኢንጂን» የሚለው፣ ረስት ላይ ያለው ረስትኤልኤስ የሚሄድበት፣ ፓይተንም ከ3.5 ጀምሮ «ሜሞሪ ባዮ» ብሎ ያስገባው መንገድ ይህ ነው። ከሶኬቱ የምታነቡት እናንተ፤ የተመሰጠረውን ለላይብረሪው ታጎርሱታላችሁ፤ የተፈታውን ትቀበሉታላችሁ፤ መላክ የሚፈልገው ካለ ተቀብላችሁ ራሳችሁ ትልኩለታላችሁ። ማን ምን እንደያዘ ይታያል። ሆኖም ያው ባግ እዚህም ልብስ ቀይሮ ይመጣል። አንድ ጉርሻ ውስጥ ሦስት ፖስታ ሊኖር ይችላል፤ አንዱን ብቻ አስፈትታችሁ ሶኬቱን ለመጠበቅ ከሄዳችሁ ሁለቱ እዚያው ይቀራሉ። ጃቫ ላይ «ባፈር አንደርፍሎ» እስኪላችሁ ድረስ ማስፈታት ነው። ያ ቃል የዋንት ሪድ ወንድም ነው። ከየጉርሻው በኋላም ላይብረሪው የሚልከው ነገር እንዳለ ጠይቁት። ካልጠየቃችሁት የቁልፍ እድሳቱ መልስ ወይም የትውውቁ ግማሽ እጃችሁ ላይ ያድራል።

እንዴት ትፈትኑታላችሁ

ጥሩ ዜናው፣ ባጉ ለመደበቅ የሚመቸውን ያህል ለማውጣትም ይመቻል። የንባብ ባፈራችሁን በቴስት ጊዜ 7 ባይት አድርጉት። ያኔ «ሰላም» እንኳ በአንድ ንባብ አያልቅም፤ በግዕዝ ፊደል አንዷ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ናትና። እስኪያልቅ የማያነብ ሉፕ በመጀመሪያው መልእክት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሁለተኛው ፈተና በመሃል የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮክሲ ነው። ባይቶቹን አንድ በአንድ፣ በመሃል ትንሽ እየቆየ ያሳልፋል። ምስጠራውን መፍታት አያስፈልገውም፤ ማንቀርፈፍ ብቻ ነው ሥራው። ሶኬቱን ብሎኪንግ አድርጎ የረሳ ሰርቨር እዚህ ይጋለጣል፤ አንድ ደንበኛ በፕሮክሲው ሲገባ ሌሎቹ ሁሉ ይቆማሉ። ሦስተኛው ደግሞ የመልእክቱ መጠን ነው። 16,384 ባይት ላኩ፤ አንድ ሙሉ ፖስታ ነው። ከዚያ 16,385 ላኩ። ሁለተኛው ፖስታ ውስጥ አንዲት ባይት ብቻ ትኖራለች። የንባብ ባፈራችሁ 16,384 ከሆነ፣ ሪድ አሄድም ከበራ፣ ያቺ አንዲት ባይት ላይብረሪው ጋ ተቀምጣ ኤስኤስኤል ፔንዲንግ «ዜሮ» ሲል ታያላችሁ።

የእኔን ሉፕ እነዚህን ሦስቱን አሳለፍኳት። በሁለተኛው ላይ አንድ ጊዜ ወድቃለች፤ ጊዜ ቆጣሪዋ በየባይቱ ይታደስ ነበር።